ዝንባሌና እንጀራ፤ የትምህርት መስክን ስለ መለወጥ የቀረበ ምክር

ሰው ለሥራ የተፈጠረ ነው። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ገነትን የመንከባከብ ኀላፊነት ሰጠው እንጂ ሥራ ፈት አድርጎ አላስቀመጠውም። ድካምና ወዝ የተጨመረው ከውድቀት በኋላ ነው፤ ሥራ ራሱ ግን ከውድቀት በፊት የነበረ የክብር ስጦታ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት «በዕድሜዬ ምን እሠራለሁ? ለዚህስ ምን ልማር?» ብሎ ቢጨነቅ፣ ጭንቀቱ የሥጋ ብቻ ነው ብለን የምንንቀው አይደለም። የተሰጠውን መክሊት የት እንደሚያውለው መጠየቁ ነውና።

ይህ ጭንቀት ዛሬ የያዘው መልክ ከቀድሞው ልዩ ነው። ባለፈው ዘመን የወላጆች ጥያቄ «ልጃችንን ትምህርት ቤት እንላከው ወይስ ከእርሻውና ከሸማው ሥራ ጋር እናቆየው?» የሚል ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ተምሮ፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ጥያቄው እንደ ገና ይነሣል። ተማሪው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ «የያዝሁት ትምህርት ልቤ የሚወደው አይደለም፤ ወደምወደው ልለውጥ» ይላል። ወላጆቹ በበኩላቸው «የምትወደው ትምህርት እንጀራ አይሆንህም፤ የጀመርኸውን ጨርስ» ይሉታል። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ወደ ንስሐ አባታቸው መጥተው «አባታችን፣ ይፍረዱን» ይላሉ። እኛም ለካህናትም ለምእመናንም የሚረዳ አሳብ በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ወደድን።

1. ነገሩ በአርባ ምንጭ ሲታይ

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገር በአንድ ስፍራ ቆመን እንመልከተው። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኝ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ ግርጌ በደኑ ውስጥ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው፤ የከተማዋም የመጠጥ ውሃ የሚቀዳው ከእነዚሁ ምንጮች ነው። ውሃ በበዛበት ስፍራ የውሃ ትምህርት ቤት መከፈቱ የተገባ ነበርና፣ በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ይህም ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ፣ ዛሬ ከውሃ ምህንድስና ሌላ ሕክምናን፣ እርሻን፣ የተፈጥሮ ሳይንስን፣ ንግድንና ሕግን ያስተምራል። ከግቢዎቹም ብዙዎቹ ዓባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሣር ተብለው በአገሩ ሐይቆች፣ በወንዙና በሜዳው ስም ተሰይመዋል።

ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ይመጣል፤ ከራሱ ከጋሞ ደጋም ከጨንቻ፣ ከዶርዜ፣ ከዲታ፣ ከቦንኬ ይወርዳል። የደጋው ገበሬ በእንሰትና በገብስ የሚኖር ነው። የዶርዜ ሰው ደግሞ በሸማ ሥራው በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ጥበብና ነጠላ የብዙ ዶርዜዎችን የእጅ ሥራ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ አባት ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲልክ ያለውን ሁሉ ለልጁ ሰጥቶአል ማለት ይቻላል። እንግዲህ «ትምህርቴን ልለውጥ» የሚለው የልጁ ቃል በአባቱ ጆሮ «የደከምህልኝን ሁሉ ልጣለው» የሚል ሆኖ ቢሰማ አያስደንቅም። በሌላው ወገን ደግሞ ልጁ ሌሊቱን ከማይገባው ወይም ከማይወደው መጽሐፍ ጋር ሲታገል ያድራል፤ «ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ልኖር ነውን?» እያለ ያዝናል። የሁለቱም ኀዘን እውነተኛ ነው። ከሁለቱ አንዱን አቃልሎ የሚጀምር መካሪ ገና ከመነሻው ስቶአል።

2. ስለ ምን ይህ ጥያቄ በዛ?

የበሽታውን ምክንያት ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም እንደማይታመን ሁሉ፣ ተማሪው ያለበትን ሁኔታ ሳያውቅ የሚመክር ካህንም ሊጠቅም አይችልም። ስለዚህ ምክንያቶቹን ባጭሩ እንዘርዝር።

በመጀመሪያ፣ ብዙ ተማሪ የያዘውን ትምህርት ራሱ በሙሉ ፈቃዱ አልመረጠውም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ከ100 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70ው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚል መመሪያ ስለ ነበር፣ በምህንድስና ገብቶ የተገኘው ወጣት ቍጥሩ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉ የጋራ ትምህርት እንዲሆን ስለ ተደረገ፣ ተማሪው ክፍሉን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ መልካም ነገር ነው። ሆኖም ድልድሉ በውጤትና በክፍሉ ባለው ቦታ መጠን ስለሚሆን፣ የመጀመሪያ ምርጫውን የሚያገኘው ሁሉም አይደለም።

ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ በር እጅግ ጠባብ ሆኖአል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነዋል። በዚህ በር ያለፈ ልጅ ያለው አባት «ያገኘኸውን አትጣል» ቢል ሊፈረድበት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ማምጣት ይገባዋል። ያለ ልብ የተማረ ሰው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ቢደርስም በዚህ በር ላይ ሊቆም ይችላል። ቀድሞ «እንደ ምንም ብለህ ጨርሰው» የሚለው ምክር ይበቃ ይሆናል፤ አሁን ግን እንደ ምንም የተጨረሰ ትምህርት በቂ እንዳልሆነ ወላጆችም ሊያውቁት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ «እንጀራ ይሆናል» የተባለውም ሁልጊዜ እንጀራ አልሆነም። የምህንድስና ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት በየከተማው ይገኛል። ስለዚህ ልጁ «የምወደው» የሚለውን መመርመር እንደሚገባን ሁሉ፣ አባቱ «የሚጠቅምህ» የሚለውንም መመርመር ይገባናል።

3. ፍቅር የሚባለውና እንጀራ የሚባለው

ዝንባሌ እውነተኛም ሐሰተኛም አለው። አንዳንዱ ወጣት የሚወደው ሥራውን ሳይሆን የሥራውን ስም ነው፤ ጠበቃ መባልን ይወዳል፣ የሕግን መጽሐፍ ገልጦ መዋልን ግን አይወድም። አንዳንዱ ጓደኛው ስለ ሄደ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ወደ አንድ ነገር የሚሄድ ይመስለዋል እንጂ በእውነቱ ከአንድ ነገር እየሸሸ ነው። እውነተኛ ዝንባሌ የሚታወቀው የሥራውን አሰልቺ ክፍል በመታገሥ ነው። አንድ ሰው ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ ዋጋ ሳይከፈለው ደጋግሞ የሚሠራው ነገር ካለ ዝንባሌው በዚያ ነው ልንል እንችላለን።

እንጀራም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። ወላጅ «እንጀራህን አስብ» ሲል አንዳንድ ጊዜ የሚያስበው በእውነት የልጁን ኑሮና የታናናሾቹን መማር ነው፤ ይህ ቅዱስ አሳብ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን በጎረቤት ፊት «ልጄ መሐንዲስ ነው፤ ልጄ ሐኪም ናት» ለማለት ነው። ይህ ክብርን መሻት እንጂ እንጀራን መሻት አይደለም።

ወደ ዶርዜ ሸማኔ ብንመለስ ነገሩን በሸማው ላይ እናየዋለን። ሸማኔው አስቀድሞ ድሩን ይወጥራል፤ ከዚያ በኋላ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ያስገባል። ድር ብቻውን የተወጠረ ክር ነው፤ ማንንም አያለብስም። ማግም ድር ከሌለው የተጠቀለለ ጥጥ ሆኖ ይቀራል። ልብስ የሚሆነው ሁለቱ ሲተላለፉ ነው። የኑሮ ግዴታ እንደ ድር የተወጠረ፣ የማይለዋወጥ ነገር ነው፤ ዝንባሌ በውስጡ የሚመላለስና ጥለትን የሚያወጣ ነው። «ወይ ፍቅር ወይ እንጀራ» ብሎ ጥያቄውን የሚያቀርብ ሰው ድርና ማግን ሊያጣላ ይሻል። ትክክለኛው ጥያቄ «የተሰጠኝ ስጦታ በየትኛው መንገድ ለኔም ለወንድሜም ልብስ ይሆናል?» የሚል ነው።

4. ከቀደሙት ሰዎች ምን እንማራለን?

ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ዘንድ ሸሽቶ እንደ ሄደ፣ በመንገድም ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ እንደ ወጣች አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ይነግረናል። ያን ጊዜ አንድ ችኩል መካሪ አግኝቶት ቢሆን ኖሮ «ይህ ትምህርት ያንተ አይደለም፤ ሌላ ፈልግ» ባለው ነበር። እንዲህ ቢሆን ዜማችንን ማን ይሰጠን ነበር? ስለዚህ ትምህርት ከበደ ማለት ትምህርቱ የኛ አይደለም ማለት አይደለም።

ይህን ከተናገርን በኋላ ግን በሌላ ወገን ያለውን ምስክር መደበቅ አይገባንም። በአንኮበር የተወለደው ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ከጦርነት ለወጣች አገር ማዕድን አውጪ መሐንዲስ እንደሚያስፈልጋት የታወቀ ነው። ነገር ግን መምህራኑ የሥዕል ችሎታውን አይተው አበረታቱት፤ እርሱም ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ በለንደን ጥበቡን አጠና። ከዚያም በኋላ የመስታወት ሥዕልን አሠራር ለማወቅ በአውሮፓ ተዘዋወረ፤ በዚያ ባሉ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም አጠና። በአዲስ አበባ በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ያሉት ሥዕሎቹ፣ በአፍሪካ አዳራሽም ያሉት ታላላቅ የመስታወት ሥዕሎቹ የዚያ ለውጥ ፍሬዎች ናቸው። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ስጦታውን የመሰከሩት የእጁን ሥራ ያዩ መምህራን ናቸው እንጂ የራሱ ምኞት ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከለወጠ በኋላ የጠበቀው ዕረፍት ሳይሆን የብዙ ዓመት ድካም ነው።

መንገዱ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አስቀድሞ ሕግ ተምሮ ከፈጸመ በኋላ ወደ ቴአትር ጥበብ ሄዶአል፤ የጀመረውን ጨርሶ ተሻገረ ማለት ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በመንግሥት ሥራ በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት እያገለገሉ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባብያን አቀረቡ፤ እንጀራውንና ስጦታውን ጎን ለጎን ይዘው ኖሩ። እንግዲህ አንዱ ለወጠ፣ አንዱ ጨርሶ ለወጠ፣ አንዱ ሁለቱን አስተባበረ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ከገማልያል እግር ሥር ሕግን የተማረ ሆኖ ሳለ፣ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ራሱን ይረዳ ነበር፤ ድንኳን መስፋቱም ከስብከቱ አላሳነሰውም።

ይሁን እንጂ የታወቁ ሰዎችን ታሪክ ለሁሉ ሕግ አድርጎ ማቅረብ አደጋ አለው። ለውጠው የተሳካላቸውን ሰዎች ስም እንሰማለን፤ ለውጠው የተጸጸቱት ግን በመጽሐፍ አይጻፉም። ስለዚህ ከምሳሌው ይልቅ መመርመሪያው ይበልጥ ይጠቅመናል።

5. አራት መመርመሪያ ጥያቄዎች

ለመለወጥ ያሰበ ተማሪ ራሱን፣ የሚመክረውም ሰው ተማሪውን እነዚህን አራት ነገሮች ይጠይቅ።

1ኛ. «የምትፈልገውን ሥራ ድካሙን አይተኸዋልን?» ነርስ ለመሆን የምትሻ ልጅ የሕመምተኛን ቁስል ማጠብና ሌሊት መቆም እንዳለባት ታውቃለችን? መምህር ለመሆን የሚሻ ልጅ በአንድ ክፍል ከተጨናነቁ ሕፃናት ጋር መዋልን ሞክሮታልን? ያላየ ከሆነ አስቀድሞ ሄዶ ይይ፤ በዕረፍት ጊዜው በዚያ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ይዋል።

2ኛ. «ከምን ትሸሻለህ?» ሽሽት ከሆነ የሚሸሸው ነገር በአዲሱም ክፍል ይጠብቀዋል። በሒሳብ ስለ ወደቀ የሚሸሽ ሰው በሄደበት ሁሉ የሚያስቸግር ነገር አያጣም።

3ኛ. «ለማን ይጠቅማል?» ጥቅም ስንል ደመወዝን ብቻ አይደለም። በአገርህ በዲታ፣ በቦንኬ፣ ወይም በሌላው ስፍራ ይህን እውቀት የሚጠብቅ ሰው አለን?

4ኛ. «ዋጋው ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው?» ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ጌታችን በምሳሌ አስተምሮናል። የምህንድስና ትምህርት 5 ዓመት ሲሆን፣ ከሌሎቹ ብዙዎቹ 4 ዓመት ናቸው። ዘግይቶ የለወጠ ሰው ዓመት ሊጨምር ይችላል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ በከፊል ሥራ ከያዘ በኋላ ሊከፍል ውል ስለሚገባ፣ ዓመት ሲጨምር ዕዳውም ይጨምራል። በቤት የሚጠብቁትም አንድ ዓመት ይጨምራሉ። ደግሞም ዝውውር በውጤትና በቦታ መኖር የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ዘንድ ሄዶ የሚፈቀድበትን ጊዜና ሥርዐት ጠይቆ ይወቅ። ሳያረጋግጥ ትምህርቱን የሚተው ሰው ሁለቱንም ያጣል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚሠሩ በምሳሌ እንይ። ከዲታ የመጣ በውሃ ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ እናስብ። በሒሳብ ሁለት ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት አግኝቶ «ዝንባሌዬ ታሪክ ነው» ይላል። ነገር ግን ከታዘዘው ሌላ አንድም የታሪክ መጽሐፍ ፈልጎ አላነበበም። ይህ ልጅ የጠፋው ዝንባሌ ሳይሆን በሒሳብ የሚረዳው ሰው ነው። ለእርሱ የሚሻለው አንድ መንፈቀ ዓመት ታግሦ፣ መምህሩንና የተሻሉ ጓደኞቹን እርዳታ ጠይቆ መሞከር ነው።

ደግሞ ከጨንቻ የመጣች በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ከፍተኛ ውጤት ያላት አንዲት ተማሪ እናስብ። በየዕረፍቱ ወደ ቀበሌዋ ጤና ኬላ እየሄደች ነፍሰ ጡር እናቶችን ስትረዳ ቆይታለች፤ ደሙንም ጩኸቱንም አይታለች፤ ግን አልራቀችም። ይህች ልጅ ከምንም አልሸሸችም፤ በያዘችው ትምህርት ጎበዝ ናትና። ሥርዐቱ ከፈቀደላት ወላጆቿ ባይከለክሏት ይሻላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው የአዋላጅ ነርስን ሥራ ዝቅ አድርጎ ሊያይ አይችልም።

6. ለመለወጥ የማይችል ምን ያድርግ?

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። ዝንባሌው እውነተኛ፣ ስጦታውም የተመሰከረለት፣ ነገር ግን አባቱ የታመመበትና ታናናሾቹ በእርሱ የሚታመኑ ወጣት አለ። ቢለውጥ ሁለት ዓመት ይዘገያል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ታናሽ እኅቱ ትምህርቷን ትተዋለች። ለዚህ ወጣት «ልብህን ተከተል» ማለት ቀላል ነው፤ የእኅቱን ዋጋ የምንከፍለው እኛ አይደለንምና። «ዝንባሌህን እርሳው» ማለትም ቀላል ነው፤ የሚያዝነውም እርሱ እንጂ እኛ አይደለንምና። እውነቱን ልንነግረው ይገባል፦ የጀመረውን ቢጨርስ የሚያጣው ነገር አለ፤ ያጣውም ነገር ከንቱ ምኞት አልነበረም። ይህን መሥዋዕትነት እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ቤተሰቡም ሊያውቀውና ሊያመሰግነው ይገባል። መሥዋዕት የሆነው ሰው ተገዶ ሳይሆን ወዶ ሲያደርገው ነውና፣ ማንም በእርግማን አያስፈራራው።

ለእንዲህ ያለው ሁለት ነገር እንመክራለን። የመጀመሪያው፣ ስጦታውን ጨርሶ አይቅበረው፤ ከሥራ በተረፈ ሰዓት ይጠብቀው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ያደረጉትን አስቀድመን አይተናል። ሁለተኛው፣ ያልመረጠውን ትምህርት በሚገባ ቀርቦ ይመልከተው፤ ፍቅር ሁልጊዜ ከሥራ በፊት አይመጣም፤ ከሥራ በኋላ የሚመጣም አለ። ለምሳሌ የዓባያን ሐይቅ ውሃ ያየ ሁሉ ቀይ ቡናማ መሆኑን ያውቃል። ይህ ቀለም ወንዞች ከደጋው እየጠረጉ ያመጡት አፈር ነው። የውሃ ምህንድስና የሚማር የደጋ ልጅ ይህን በተረዳ ቀን፣ በደብተሩ ያለው ቀመር የአባቱን እርሻ የሚመለከት መሆኑን ያያል፤ አፈሩ እንዳይታጠብ፣ ጎርፉ እንዲገታ፣ እናቱ እንስራ ተሸክማ የምትወጣው ዳገት እንዲቀርላት የሚያደርግ እውቀት በእጁ እንዳለ ያስተውላል። በዚያ ጊዜ የተጠላው ትምህርት ለባልንጀራ የሚደረግ አገልግሎት ይሆንለታል።

7. ለወላጆች

በጋሞ ምድር ትልቅ ጉዳይ የሚወሰነው በዱቡሻ ነው፤ በዱቡሻ ሰዎች ተሰብስበው እየተነሡ ይናገራሉ፣ እርስ በርስ ይደማመጣሉ፣ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ይመክራሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጥተው ሳለ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው በቀል እንዳይደረግ ለመኗቸው፤ ወጣቶቹም ሰምተው ተመለሱ። በዚያ የቁጣ ሰዓት ዱላ የማይሠራውን ልመና ሠራው።

እኛም ወላጆችን የምንለምነው ይህንኑ ነው። ስለ ልጃችሁ ትምህርት በቤታችሁ ዱቡሻ ይኑር። ልጁ ያስረዳ፣ አባት ይናገር፣ እናት ትናገር፣ በዚያ ሙያ ያለ ዘመድም ቢኖር ይጠራ። የቤታችሁን ገንዘብና ዕዳ ከልጁ አትደብቁ፤ ዋጋውን የማያውቅ ሰው በትክክል ሊመርጥ አይችልም። ልጆችም በበኩላችሁ ነገሩን ከለወጣችሁ በኋላ ለወላጆቻችሁ አታሰሙ፤ አስቀድማችሁ አማክሩ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እንዳትሆኑ፣ የሩቁን ስታስቡ ያለፋችሁበትንም የቤታችሁን ደጃፍ አስቡ።

8. ለንስሐ አባቶች

በመጨረሻ ለአባቶች ካህናት በትሕትና የምናሳስበው አለን። የንስሐ አባት ስለ ኀጢአት የሚፈርድበት ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ የትምህርት ክፍል የሚደለድልበት ሥልጣን ግን አልተሰጠውም። ስለዚህ የራሱን ግምት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ነው» ብሎ አይናገር። ልጁ በኋላ ቢወድቅ የሚያማው ካህኑን ብቻ አይደለምና። ዕጣ በመጣልም ሆነ በስእለት ብቻ እንዲወሰን አያድርግ፤ ጸሎት አሳብን ያጠራል እንጂ ማሰብን አያስቀርም።

የካህኑ ሥራ መጠየቅና ማድመጥ ነው። አባትን ለብቻው፣ ልጅን ለብቻው፣ በኋላም ሁለቱን በአንድነት ይስማ። በቤተ ክርስቲያናችን ያለውን የጉባኤ ቤት ልማድም ያስታውስ። በአብነት ትምህርት ቤት ድምፁ ለዜማ የማይመች ተማሪ በቅኔ ሊቅ ሲሆን፣ ቅኔ ያስቸገረው በመጻሕፍት ትርጓሜ ሲደምቅ አይተናል፤ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው መሄድም ነውር አልነበረም። ነገር ግን የሚሄደው መምህሩን ተሰናብቶ፣ መርቁኝ ብሎ ነው እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይኸው ሥርዐት ይበቃዋል፦ ቢለውጥ በምክርና በምርቃት ይለውጥ፤ ቢቆይም በፈቃዱና በምስጋና ይቆይ።

በእግዚአብሔር ፊት ስንቆም የምንጠየቀው የተመረቅንበትን ክፍል አይደለም። የምንጠየቀው የተሰጠንን መክሊት ቀበርነው ወይስ ነገድንበት የሚለውን ነው። ባለ አምስቱም ባለ ሁለቱም መክሊት የተመሰገኑት አንድ ዓይነት ምስጋና ነው፤ ፈርቶ የቀበረው ብቻ ተወቀሰ። እንግዲህ የሚለውጠውም የማይለውጠውም ከፍርሃት ሳይሆን ከታማኝነት የተነሣ ያድርገው።

የጥበብ ሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር አምላካችን ለልጆቻችን ማስተዋልን፣ ለወላጆች ትዕግሥትን፣ ለካህናት የምክርን መንፈስ ያድልልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።